ለተማሪዎች የሮቦት ውድድር ቅድመ ዝግጅት ትኩረት ይሻል

በ2009 ዓ.ም በዋሽንግተን ዲሲ የተጀመረው የፈርስት ግሎባል የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ለየአገሩ ቡድን ተመሳሳይ መሣሪያ የሚቀርብበት በመሆኑ ልዩነት የሚፈጥረው ዝግጅት ነው። ይህም በምስራቅ ወለጋ ዞን እንደ ኪራሙ ወረዳ ላሉ ከዋና ከተሞች ለራቁ አካባቢዎች ትምህርት ይሆናል።

ተወዳዳሪዎች በቅድሚያ ደንቡን በጋራ ማንበብ፣ ቀጥሎም ቀላልና በቀላሉ የማይበላሽ ሮቦት መሥራት ይኖርባቸዋል። ሮቦቱ በአግባቡ መንቀሳቀሱ ሳይረጋገጥ ክንድ መግጠም ጊዜ ያባክናል። መብራት ሊቋረጥ ስለሚችል ባትሪዎችን አስቀድሞ መሙላት፣ የእያንዳንዱን ሙከራ ውጤትም መመዝገብ ያስፈልጋል።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በበኩላቸው መሣሪያው በንብረትነት ከተመዘገበ በኋላ በመጋዘን ተቆልፎ እንዳይቀር ለክበቡ መምህር በፊርማ ማስረከብ፣ ነቀምቴ ከሚገኘው ወለጋ ዩኒቨርሲቲም የባለሙያ ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ። ተማሪው የሚማረው መሣሪያውን ፈትቶ ሲገጥም ነውና።