ፍጥነት የምትሰርቀው ቀለበት

ማይክል ሹማከር የሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት በጀርመኗ ከርፐን የአንድ ግንበኛ ልጅ ነበር። በትንሿ ካርት ገና በልጅነቱ መብረር ቢጀምርም፣ አዲስ ሞተር ባስፈለገው ጊዜ የተጠየቀው 800 ማርክ ከቤተሰቡ አቅም በላይ ሆነ። የአካባቢው ነጋዴዎች ባይደርሱለት ኖሮ የፌራሪዋን ቀይ መኪና ሌላ ሰው ይነዳት ነበር። እነሱ ደረሱለት፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1987 የአውሮፓ የካርት ሻምፒዮን ሆነ።

ካርት ሞላና ሾክ የሌላት፣ ከመሬት ጋር ተለጥፋ የምትሄድ ትንሽ ተሽከርካሪ ናት። በብዙ ምድቦች ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ሞተር ይይዛል። ታዲያ አንዱ ልጅ ቀጥታው መንገድ ላይ ከሌላው እየሸሸ የሚሄደው በምንድን ነው? ክብደት አለ፣ ጎማ አለ፣ የልጁ ችሎታም አለ። መካኒኮቹ ግን ሌላም ነገር ያነሳሉ፤ ፒስተኑን የከበበችውን ቀለበት፣ ፒስተን ሪንጓን።

በብሪታኒያ የካርት ሜዳዎች የተለመደውን ሆንዳ ጂ ኤክስ 160 እንውሰድ። ይህ ሞተር እዚሁ እኛ ዘንድ በውሃ ፓምፕና በጄኔሬተር ላይ ሲንጣጣ የምንሰማው ነው፤ በድሮዎቹ ላይ 5.5 የሚል ቁጥር ተለጥፎ ይታያል። የሲሊንደሩ ስፋት 68 ሚሊ ሜትር ሲሆን ፒስተኑ በአንድ ጉዞ 45 ሚሊ ሜትር ይወጣል ወይም ይወርዳል። የፍጥነት መገደቢያው ተነስቶለት በደቂቃ 6 ሺህ ዙር ሲዞር ፒስተኑ በዚያች ደቂቃ ብቻ 540 ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። አምስት የእግር ኳስ ሜዳ ከጎል እስከ ጎል! በአሥር ደቂቃ ውድድር ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ያን ሁሉ መንገድ ሪንጎቹ የሲሊንደሩን ግድግዳ እየፈተጉ ነው የሚሄዱት።

ፍትጊያው ደግሞ ጉልበት ይበላል። አምስት የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ላይ አንድ አሥረኛ የፈረስ ጉልበት ብታተርፉ 2 በመቶ አገኛችሁ። በ800 የፈረስ ጉልበት መኪና ላይ ይሄው 2 በመቶ 16 የፈረስ ጉልበት ነው። የፎርሙላ ዋን መሐንዲስ ለ16 የፈረስ ጉልበት ምን እንደሚከፍል መገመት አያቅትም።

በሆንዳው ፒስተን ላይ ሦስት ሪንጎች አሉ። የላይኛዋ የፍንዳታውን ግፊት ታፍናለች፤ መካከለኛዋ እሷን እያገዘች ዘይት ትጠርጋለች፤ የታችኛዋ ዋና ሥራዋ ዘይት መጥረግ ነው። ሦስቱም እንደ ሞላ ወደ ውጭ እየገፉ ግድግዳውን ይጫናሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም በላይ የምትጫነው ደግሞ የዘይቷ ሪንግ ናት። ለዚህም ነው ፍትጊያ ለመቀነስ የተነሳ መካኒክ ዓይኑን መጀመሪያ እሷ ላይ የሚጥለው።

“ካላላናት ግፊቱ አያመልጥም ወይ?” የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን የሚገርም ነው። በፍንዳታው ጊዜ የላይኛዋን ሪንግ ግድግዳው ላይ አጥብቆ የሚይዛት የራሷ የመለጠጥ ኃይል ብቻ አይደለም፤ ጋዙ ራሱ ከኋላዋ ገብቶ ይገፋታል። እናም ለዘብ ያለች ሪንግ በሥራዋ ሰዓት ግፊቱን ታፍናለች፣ በቀሩት ጉዞዎች ደግሞ ግድግዳውን አታስጨንቅም። ቀጭን ስትሆን ሌላም ጥቅም አላት። ወፍራሟ ሪንግ ከባድ ስለሆነች ፍጥነቱ ሲበዛ ከተቀመጠችበት ቦይ ተነስታ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች፤ ያኔ ጋዙ ያመልጣል፣ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። ቀላሏ ግን ቦታዋን ይዛ ትቆያለች።

ነገር ግን ነፃ ምሳ የለም። የዘይቷን ሪንግ ከልክ በላይ ያላላ ሰው ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምርበታል፤ ካርቱም ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀ ይመጣል። ለዘብ ያለች ሪንግ ሞላላ የሆነ ሲሊንደርን አትታገስም። ቴስታታው በብሎን ሲጠብቅ ሲሊንደሩ በጥቂቱ ስለሚጣመም ጎበዝ ባለሙያ ሲሊንደሩን የሚሞርደው ወፍራም ብረት እንደ ቴስታታ አስሮበት ነው። ይህን ሳያደርጉ ውድ ሪንግ መግዛት፣ በእኔ እይታ፣ አጥቂ ገዝቶ ኳስ የሚያቀብለው ሰው እንደማጣት ነው።

በባለ ሁለት ምት ሞተሮች ነገሩ ይለያል። አይርተን ሴና እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1980 በዓለም የካርት ሻምፒዮና ሁለተኛ የወጣበት ባለ 100 ሲሲ ሞተር የዚህ ዓይነት ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ የዘይት ሪንግ አያስፈልግም፤ የውድድር ፒስተኖች አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሪንግ ብቻ ነው የሚይዙት። አደጋው ያለው ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉት መስኮቶች ነው። የሪንጓ ጫፍ መስኮት ውስጥ ከገባ ተሰብሮ ሞተሩን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ እንዳትዞር በትንሽ ፒን ትያዛለች። የተቀባችው ብረትም መታየት አለበት፤ ክሮም የተቀባች ሪንግ ክሮም በተቀባ ሲሊንደር ውስጥ አትገባም፣ ይበላላሉ።

ምርጫው ታዲያ በወሬ አይደለም። መካኒኩ ሪንጓን ለብቻዋ ሲሊንደሩ ውስጥ ያስቀምጥና ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል፤ በጠርዟ ብርሃን ካለፈ ጋዝም ያልፋል። በሁለቱ ጫፎቿ መካከል ያለውን ክፍተት ይለካል፤ የተለመደው መነሻ ለ68 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ሪንጓ ስትግል ጫፎቿ ተጋጭተው ግድግዳውን ይቧጥጣሉ። ከዚያ ፒስተኑን በሞላ ሚዛን ይጎትትና ስንት እንደከበደው ይመዘግባል። መጨረሻ ላይ ሞተሩን ገጥሞ የታመቀ አየር ያስገባበታል፤ ምን ያህሉ እንዳመለጠ ያያል። ጉተታው ቀንሶ አየሩም ካላመለጠ ሪንጓ ተገኘች። አየሩ ካመለጠ ግን ጉተታው ቢቀል ምን ዋጋ አለው?

ይሄ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ነው፤ 800 ማርክ ያጣ ቤተሰብ ደግሞ ሁለቱም የሉትም። አዘጋጆች እንደ ሮታክስ ማክስና ብሪግስ 206 ያሉ ታሽገው የሚመጡ ሞተሮችን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ማኅተሙን በጥሶ ሪንግ የቀየረ ውጤቱ ይሰረዛል። ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል። ይሁንና ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሞተሮችም በጥቂቱ ይለያያሉ፤ አምስት ገዝቶ ከመካከላቸው ፈጣኑን የሚመርጥ አባት ዛሬም አለ።