ስንት ናቸው? ከየት መጡ? ምን ይናገራሉ? የጌዴኦ ምድር ስለ ሰው ጂኦግራፊ የሚያስተምረው

ጂኦግራፊ ሲባል ለብዙ ተማሪ ቶሎ የሚታወሰው የተራራው ከፍታ፣ የወንዙ ርዝመትና የዋና ከተማው ስም ነው። ነገር ግን ተራራውም ወንዙም የሚነገርላቸው በአጠገባቸው ሰው ስለሚኖር ነውና፣ ከዚህ ትምህርት ክፍሎች ሁሉ ለአስተዳደር ሠራተኛ አብልጦ የሚጠቅመው ስለ ሰው የሚናገረው ክፍል ነው። ይህ ክፍል የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ሲሰሙ ቀላል ናቸው። በዚህ ምድር ስንት ሰው ይኖራል? ከየት መጣ፣ ወዴትስ ይሄዳል? ምን ያምናል? በምን ቋንቋ ይነጋገራል? መልሳቸው ግን እንደ ጥያቄዎቹ ቀላል አይደለም።

አራቱን ጥያቄዎች ለመመርመር ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ዲላ ይገኛል። ከዲላ በወናጎና በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ደቡብ ሲወርዱ ገደብ ወረዳ፣ በዚያም ባንኮ ጎቲቲ የምትባል ቀበሌ አለች። ባንኮ ጎቲቲ በቡና ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀች ናት፤ በአካባቢዋ የሚለቀመው ቡና የቀበሌዋን ስም እንደያዘ በውጭ አገር ገበያ ይሸጣል። በ2011 ዓ.ም. ግን ስሟ ከአገር ውጭ ሳይቀር የተነሣው በቡናዋ ሳይሆን በተፈናቃዮች ምክንያት ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ የሚገባን አራቱን ጥያቄዎች በየተራ ስንመልስ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በጌዴኦ ዞን የተገኘው ሕዝብ 847,434 ነበር። የዞኑ ስፋት 1,210 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሕዝቡ ለስፋቱ ሲካፈል በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 700 ሰው ይደርሳል። በዚያው ቆጠራ የመላው ኢትዮጵያ ሕዝብ 73 ሚሊዮን ከ750 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ የአገሪቱ አማካይ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ70 ሰው አይበልጥም ነበር። እንግዲህ ጌዴኦ ከአገሩ አማካይ በአሥር እጥፍ የተጨናነቀ ምድር ነው ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ በከተማ የሚኖረው ከ100 ሰው 13 ያህሉ ብቻ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያስገርማል። የተቀረው በተዳፋት ላይ መሬት ቆፍሮ የሚያድር ገበሬ ነው።

እንግሊዛዊው ቶማስ ማልተስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1798 ባሳተመው ድርሰቱ፣ የሰው ቁጥር ከምግብ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያድግ መጨረሻው ረኀብና መቅሠፍት እንደሚሆን አስጠንቅቆ ነበር። በዚህ አነጋገር ከሄድን፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው የተሸከመ ተዳፋት ዛፉ ተመንጥሮ፣ አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ድንጋይ ብቻ መቅረት ነበረበት። የጌዴኦ ምድር ግን በአረንጓዴ እንደተሸፈነ ነው። ከላይ ትልልቁ ዛፍ ጥላ ይሰጣል፤ ከሥሩ ቡናና እንሰት ጎን ለጎን ይበቅላሉ፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ አትክልቱና ሥራ ሥሩ አለ። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጅ እንጂ፣ ከደረሰ በኋላ ባስፈለገ ጊዜ ተቆርጦ ቆጮና ቡላ ይሆናል፤ በጠባብ ቦታም ብዙ ሰው ይመግባል። ቡናው ደግሞ ለልብስ፣ ለትምህርት ቤትና ለግብር የሚሆነውን ገንዘብ ያመጣል። የዴንማርክ ተወላጅ የሆኑት ኤስተር ቦስሩፕ በ1965 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሰው መብዛት ገበሬውን የተሻለ የእርሻ ዘዴ እንዲፈልግ ያስገድደዋል ሲሉ ማልተስን የሚቃወም ሐሳብ አቅርበዋል። ለዚህ ሐሳብ ከጌዴኦ የተሻለ ምስክር በቀላሉ አይገኝም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህንኑ የመሬት አያያዝ ከጥንታዊ ትክል ድንጋዮቹ ጋር አይቶ ነው።

ይሁን እንጂ ዘዴውም ወሰን አለው። አባት መሬቱን ለልጆቹ ሲያካፍል፣ ልጆቹም በተራቸው ሲያካፍሉ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ከአንድ ሄክታር እያነሰ ሄደ። ድርሻው ያልበቃው ጎልማሳ መሬት ፍለጋ መውጣቱ የማይቀር ነው። ይህም ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያደርሰናል።

ራቨንስታይን የተባለ የጂኦግራፊ ሊቅ በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በለንደን ባቀረበው ጥናት፣ ከሚሰደደው ሰው የሚበዛው የሚሄደው ቅርብ ወደሆነ ቦታ ነው ሲል ጽፎ ነበር። በእኛም አገር ስደት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ባሕር ማዶን ቢሆንም፣ የጌዴኦ ገበሬ የሄደው ወደ ጎረቤቱ ወደ ጉጂ ምድር ነው። በቀርጫ፣ በሐምበላ፣ በቡሌ ሆራና በሌሎችም ቦታዎች ሠፍሮ ቡናና እንሰት ተከለ። የዚህን ጉዞ መጠን በዚያው በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ማስላት ይቻላል። በመላው አገሪቱ ጌዴኦ ነኝ ብሎ የተቆጠረው ሰው 986,977 ነበር። ከዞኑ ነዋሪ ውስጥ ጌዴኦው ከ100 ሰው 86 ያህል ስለሆነ፣ በዞኑ ውስጥ ያለው ጌዴኦ ወደ 730 ሺህ ይጠጋል። የተረፈው ከ250 ሺህ የሚበልጠው ከዞኑ ውጭ ይኖር ነበር ማለት ነው። ከአራት ጌዴኦ አንዱ መሆኑ ነው።

ከውጭ ወደ ጌዴኦ የገባም አለ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አካባቢውን ከያዘ በኋላ፣ ከሰሜንና ከሸዋ ወታደሩ፣ ካህኑና ሹሙ መጥተው ሠፈሩ፤ ገበሬውም ገባር ሆነ። ቡናው ዋጋ ሲያወጣ ነጋዴው ተከተለ፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ከተሞች ተቆረቆሩ። የመሬቱና የቡናው ድርሻ ጠብ በ1952 ዓ.ም. በሚጭሌ ደም እስከ መፋሰስ ደረሰ። የገባርና የባለርስት ሥርዐት በሕግ የቀረው በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ነው።

ሃይማኖትም ቢሆን ከዚህ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። የጌዴኦ አባቶች ማጌኖ ብለው የሚጠሩትን የሰማይ አምላክ ያመልኩ ነበር፤ ደራሮ የተባለው የምስጋና በዓላቸውም እስከ ዛሬ ይከበራል። የኦርቶዶክስ ክርስትና ከሠፋሪው ጋር ስለመጣ፣ ይበልጥ የተስፋፋው በከተማውና በሹሙ አካባቢ ነበር። ከጣልያን ወረራ በኋላ ግን የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያንና ከደቡብ ሕዝቦች የተነሡ ሰባኪዎች ወደ ገጠሩ ገቡ፤ ከዚያም የአገሩ ገበሬ ራሱ ለጎረቤቱ አስተማሪ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ከ100 የዞኑ ነዋሪዎች ከ70 የሚበልጡት ፕሮቴስታንት ሆነው ተቆጠሩ። ከዚህ የምንማረው ሃይማኖት ከሰው ጋር በእግሩ እንደሚሄድና፣ ሥር የሚሰድበትም ስፍራ በአምጪውና በተቀባዩ መካከል ባለው ግንኙነት እንደሚወሰን ነው።

ስለ ቋንቋ ደግሞ፣ ጌዴኡፋ ከሲዳምኛ፣ ከሀዲይኛ፣ ከከምባትኛና ከቡርጂኛ ጋር በአንድ የኩሽ ቅርንጫፍ ይመደባል። የጎረቤቱ የጉጂ ሕዝብ የሚናገረው ኦሮምኛ የኩሽ ቋንቋ ቢሆንም ቅርንጫፉ ሌላ ነው። የሕዝቡ አፈ ታሪክ ግን ከቋንቋ ሊቃውንት ይልቅ ያቀራርባቸዋል፤ የጌዴኦ አባት ዳራሶና የጉጂ አባት ጉጆ ወንድማማቾች ናቸው፣ ታላቁም ዳራሶ ነው ይላል። በወሰኑ አካባቢ ገበያ የሚውለው ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራል፤ መሥሪያ ቤት ሲሄድ በአማርኛ ይጠቀማል። የቆጠራው ቅጽ ግን የአፍ መፍቻ ቋንቋ በሚለው አምድ የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው። ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚያውቀው ሰው በሠንጠረዡ ላይ የአንድ ቋንቋ ሰው ሆኖ ይቀራል።

አራቱም ነገሮች የተገናኙት በ2010 ዓ.ም. ነው። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ አስተዳደሩ በብሔርና በቋንቋ ሲከለል፣ ከአባቱ ቤት የቀን መንገድ እንኳ ያልራቀው የጌዴኦ ገበሬ በሌላ ክልል ውስጥ እንደ መጤ ሊታይ ቻለ። በጌዴኦ ዞን የነበረው ጉጂም እንዲሁ። በ1987ና በ1990 ዓ.ም. ገደማ ግጭት ተነሥቶ ነበር። በሚያዝያ 2010 እንደገና ተነሣና፣ ጥቂት ረገብ ብሎ ሰኔ ሲገባ ከፊተኛው የከፋ ሆነ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች የተፈናቀለው ሰው ከ950 ሺህ በለጠ። ከዚህ ውስጥ ከ700 ሺህ የሚበልጠው የተጠለለው በጌዴኦ ዞን ነበር። አንባቢ ይህን ቁጥር በ1999 ከተገኘው 847 ሺህ ነዋሪ ጋር ያስተያየው። ቀድሞውኑ መሬት የጠበበው አገር፣ ከሕዝቡ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ስደተኛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተቀበለ።

በጎቲቲ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ተጠልለው፣ ለወራት በቂ እርዳታ ሳይደርሳቸው ቆዩ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የሕፃናቱ በምግብ እጦት መጎዳት ታወቀና የሕክምና ረድኤት ድርጅት ገባ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ተፈናቃዮቹን ጎበኙ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ነበሩበት ተመለሱ። ይህ ሁሉ ከመሆኑ አስቀድሞ ስንት ጌዴኦ ከዞኑ ውጭ እንደሚኖር የሚያስረዳው ቁጥር ታትሞ በመደርደሪያ ላይ ነበር። ቁጥሩን ከወሰኑ፣ ወሰኑንም ከመሬቱ ጥበት ጋር አያይዞ ላነበበ ሰው፣ አደጋው ወዴት እንዳለ መጠርጠር ባልቸገረ ነበር።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ጌዴኦና ጉጂም ይህን ስለሚያውቁ ጎንዶሮ የሚሉት ሥርዐት አላቸው፤ ደም የተቃቡትን አስታርቆ በቀልን የሚያስቀር ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ የእርሻ መሬት አይጨምርም፤ የቅጹንም አምድ አይለውጥም። ይህ የባለሥልጣኑ፣ የፕላን ሠራተኛውና የመምህሩ ሥራ ነው።

አራተኛው የሕዝብ ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ ተላልፏል። ዛሬ በትምህርት ላይ ያለው ወጣት ነገ ቅጹን ይዞ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው፣ ወይም የተገኘውን ቁጥር ለበጀት የሚያከፋፍለው ነው። የአንድን ወረዳ ሕዝብ ሲቆጥር፣ የዚያ ወረዳ ልጆች በየትኛው ጎረቤት እንደሚኖሩም ይጠይቅ። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲያቅድ፣ ከወሰኑ ማዶ ካለው ባልደረባው ጋር ይመካከር። አንድ ቋንቋ ብቻ በሚይዘው አምድ ፊት የቆመው ሰው ሌላም ቋንቋ፣ ሌላም ዘመድ እንዳለው አይርሳ። ባንኮ ጎቲቲ ላይ የተራቡት ሕፃናት በሠንጠረዡ ውስጥ በአኃዝ ተቆጥረው የነበሩ ቤተሰቦች ልጆች ናቸውና፣ አኃዙን በጊዜ ማንበብ የተማረ ሰው ሁሉ ግዴታ ነው።