ድኻ አደግን ስለ ማሳደግ

በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠ ነዳይ ሳንቲም መስጠት መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ምጽዋት በዚህ የሚፈጸም ከመሰለን የክርስትናን ሥራ ገና አልጀመርነውም፤ የተራበ ሰው በዓሉ ካለፈ በኋላም ይርበዋልና።

ስለዚህ የወይዘሮ አበበች ጎበናን ነገር ለአንባቢዎቻችን እናስታውሳለን። እኚህ ሴት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም በሄዱ ጊዜ ወሎን ረኀብ ይዞት ነበር። በእጃቸው የነበረውን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፈሉ። ዳቦው ባለቀ ጊዜ ግን ምጽዋታቸው አላለቀም፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተ ሰቦቻቸው ከልጆቹና ከቤትሽ አንዱን ምረጪ ባሏቸው ጊዜ፥ ልጆቹን መርጠው ወጡ። ምግብ እያሰናዱ በመሸጥም አሳደጓቸው። ከዚህ ጅማሬ የተነሣው ድርጅታቸው ብዙ ሕፃናትን ለወግ አበቃ። እርሳቸውም ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ዐረፉ።

እንዲህ ስንል ሁሉ ቤቱን ትቶ ይውጣ ማለታችን አይደለም። ይልቁንስ ባልና ሚስት አስቀድመው ተማክረው፥ በአንድ ልብ ሆነው፥ አንድ ድኻ አደግ ይቀበሉ። በተቀበሉም ጊዜ ማዕዱ፥ ልብሱና ትምህርቱ ከአብራካቸው ልጆች ጋራ ትክክል ይሁን። የራስ ልጅ በእልፍኝ፥ ድኻ አደጉ በጓዳ የሚያድግ ከሆነ፥ ያ ቤት ያለ ደመወዝ አሽከር አገኘ እንጂ ምጽዋት አላደረገም።