ሃያ ደቂቃ በብርጭቆ ቱቦ

አሶሳ ዞን ውስጥ ወርቅ ሊቆፍር የወጣ አንድ ወጣት እግሩን እፉኝት ነደፈው እንበል። ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። እግሩ አብጧል። የደም መርጋትን የሚለካ ማሽን የለም፤ መብራትም ሄዷል። መርዙ ደሙ ውስጥ ሥራውን መጀመሩ በምን ይታወቃል?

በአንዲት የብርጭቆ ቱቦ! ከክንዱ ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይቀዱና አዲስ፣ ንጹሕና ደረቅ ቱቦ ውስጥ ጨምረው ጠረጴዛ ላይ ያቆሙታል። ሃያ ደቂቃ ማንም አይነካውም። ሃያው ሲሞላ አንዴ ብቻ ዘንበል ያደርጉታል። ደሙ እንደ እርጎ ከረጋ ለጊዜው እፎይ ይባላል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ግን ምርመራው ይደገማል። እንደ ውኃ ከፈሰሰ መርዙ ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች ጨርሷቸዋል ማለት ነው፤ ፀረ መርዝ ወዳለበት ሆስፒታል ፈጥኖ መድረስ አለበት። የተነደፈውን ቦታ በምላጭ መብጣት ለምን አደገኛ እንደሆነም እዚሁ ላይ ይገባችኋል፤ የማይረጋ ደም ያለው ሰው ተበጥቶ መቼ ያቆምለታል?

እኔን በጣም የሚማርከኝ ግን ቱቦው ራሱ ነው። የብርጭቆው ገጽ በተፈጥሮው ደሙን ለመርጋት ይቀሰቅሰዋል። ፕላስቲክ ይህን አያደርግም። በሳሙና ታጥቦ የደረቀ ብርጭቆም ያሳስታል፤ የጤነኛ ሰው ደም እንኳ ሳይረጋ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በሥራው የኖረ አስተማሪ መርፌውን ከማንሳቱ በፊት ቱቦውን ብርሃን ላይ ያይና «ይኼ ታጥቧል ወይስ አዲስ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከሆስፒታል ርቆ የማከም ትምህርት በአብዛኛው እንዲህ ያለ ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ ነው።

ይህን ምርመራ ለዓለም ካስተዋወቁት ሐኪሞች አንዱ እንግሊዛዊው ዴቪድ ዋረል ናቸው። ታሪካቸው ደግሞ በእኛ በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ከሐኪሙ ኤልድሪድ ፓሪ ጋር አዲስ አበባ ላይ በቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ ትኩሳት አጥንተዋል። ከዚያ ሰሜን ናይጄሪያ ሄደው እፉኝት የነደፋቸውን ገበሬዎች አከሙ። ኋላ ወደ በረሃና ጠረፍ ለሚዘልቁ የጉዞ ቡድኖች የሕክምና መመሪያ መጽሐፍ በአርታኢነት አዘጋጁ። የአውሮፓ ተጓዥ ዛሬ የሚማረው ነገር ብዙው የተገኘው ጉዞ ሳይሆን ኑሮው ራሱ ሩቅ ቦታ ከሆነ ሕዝብ ነው።

እኛም የራሳችን ትምህርት ቤት ነበረን። እ.ኤ.አ. በ1953 በጎንደር አካባቢ ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ፈጃት፤ በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በአንድ ቡድን ሆነው እንደ ቆላድባ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ይሠለጥኑ ነበር፤ አስተማሪውም አብሯቸው ይወርዳል። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ እውቀቱን እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ ድረስ አወረደው።

አሁን ወደ አሶሳ፣ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል እንመለስ። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ክልሉን ዓባይ ይከፍለዋል፤ ወባው ብርቱ ነው። ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ራሱን የሳተ፣ የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን ሲመጣ መዋጥ አይችልም። ለዚህ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በፊንጢጣ የሚሰጥ አርቴሱኔት የተባለ የወባ መድኃኒት አለ፤ አንድ ጊዜ ይሰጥና ወዲያው ሪፈር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ትልቅ ጥናት ከስድስት ሰዓት በላይ ጤና ተቋም ሳይደርሱ በቆዩ ሕሙማን ላይ መድኃኒቱ የሞትና የዘላቂ ጉዳትን አደጋ በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ፣ ናይጄሪያና ኡጋንዳ ላይ በሰፊው ሲሠራበት ግን የሚጠበቀውን ያህል ሕይወት አላተረፈም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ሪፈራሉ ካልተጠናከረ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማይበቃ አስጠነቀቀ። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱ ሰዓት ይገዛል፣ በተገዛው ሰዓት ልጁ መንገድ ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ጎበዝ አስተማሪ ልምምዱን ያከብደዋል፦ «ዝናብ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፤ አምቡላንሱ አይሻገርም። ልጁን ማን ይሸከማል? ማዶ ማን ይቀበለዋል?»

አንዳንዱ ርቀት ደግሞ በኪሎ ሜትር አይለካም። በጉሙዝ ዘንድ እናት ለመውለድ ከቤት ወጥታ ጫካ የምትሄድበት ልማድ አለ። «ጤና ጣቢያ ለምን አልመጣሽም?» ብሎ የሚጀምር ባለሙያ ያንኑ ዕለት ያጣታል። ምጡ ሲመጣ ወዴት እንደምትሄድና ማን እንደሚያውቅ አስቀድሞ በአክብሮት የጠየቀ ግን ደም ሲፈሳት የሚጠራ ሰው ይኖረዋል። ይህንንም ይማሩታል እንጂ አብሮ አይወለድም።

ወጣቱን አልረሳሁትም። ቱቦው ሲዘነበል ደሙ ሳይረጋ ፈሰሰ፤ አሶሳ ሊላክ ነው። ነርሷ የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የተነደፈው 8 ሰዓት፣ ምርመራው 11 ሰዓት» ብላ ጻፈች። አስተማሪዋ ወረቀቱን መለሰላት። የቀኑ ነው የሌሊቱ? አሶሳ ሲደርስ የሚቀበለው ሐኪም መርዙ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚቆጥረው ከዚህ ወረቀት ነው። እስክሪብቶዋን አነሳችና በሁለቱም ቁጥሮች ፊት «ከቀኑ» ብላ ጨመረች።