«አላየሁትም»፦ የሞተር ሳይክል አሽከርካሪን ዕጣ የሚወስኑ ቅጽበቶች

እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1935 በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት በተባለው አውራጃ፣ አንድ ሰው ከመኖሪያ ቤቱ ብዙም ባልራቀ የገጠር መንገድ ላይ ሞተር ሳይክሉን ያሽከረክር ነበር። መንገዱ ጎድጎድ ያለ ስፍራ ስለነበረው ከፊቱ በብስክሌት የሚሄዱትን ሁለት ልጆች ያያቸው እጅግ ዘግይቶ ነው። እነርሱን ላለመግጨት ሲል አቅጣጫ ሲቀይር ሚዛኑን ስቶ ተወርውሮ ወደቀ። በራሱ ላይ ቁር አላጠለቀም ነበር። ከስድስት ቀናት በኋላ፣ ራሱን ሳያውቅ፣ በ46 ዓመቱ ዐረፈ። ሰውየው «የዐረቢያው ሎረንስ» በሚል ስም ዝናው የገነነው ቶማስ ኤድዋርድ ሎረንስ ነበር።

ሎረንስን ለማዳን ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ትውልደ አውስትራሊያዊው የነርቭ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሂው ኬርንስ ናቸው። የዚያ ሰው ሞት ከአእምሯቸው አልወጣም። ከስድስት ዓመታት በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት በሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎች ላይ የሚደርሰውን የራስ ቅል ጉዳት መረመሩ። በአደጋው ጊዜ የራስ ቁር አድርገው የነበሩት ታካሚዎች ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ሰባቱም ተርፈዋል። በዚያው ዓመት የብሪታኒያ ጦር ሠራዊት ለሞተረኛ መልእክተኞቹ የራስ ቁር ግዴታ አደረገ። ለሲቪሉ ሕዝብ ግን ሕጉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ኬርንስ ይህን ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1952 ዐርፈዋል።

የሎረንስ አደጋ ሁለት ጥያቄዎችን በአንድነት ያነሣል። የመጀመሪያው በጊዜ መተያየት ነው። ሁለተኛው መተያየቱ ሳይሳካ ሲቀር በሥጋና በአስፋልት መካከል ምን አለ የሚለው ነው። የምሕንድስና መልሱ በሁለቱም ረገድ አንድ ነው፤ ጊዜ ማትረፍ። መታየት ሰከንዶችን ያተርፋል። የራስ ቁር ደግሞ የሰከንድ ሺኛ ክፍልፋዮችን ያተርፋል። ሁለቱም ሕይወት ናቸው።

ጉዳዩ የማን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ 21 ከመቶ የሚሆኑት በሞተር ሳይክልና በባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች ላይ የነበሩ ናቸው።

ቁጥሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከተሞች ምግብና ዕቃ በሞተር ማድረስ ስደተኞች በብዛት የሚሠማሩበት ሥራ ሆኗል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ደግሞ በታክሲ ሹፍርና የሚተዳደረው ወገናችን ብዙ ነው። በኢትዮጵያ የክልል ከተሞችም ሞተር ሳይክል ሰውና ዕቃ ማመላለስ ከጀመረ ቆይቷል። ስለዚህ በመስቀለኛ መንገድ ላይ የሚገናኙት ባለሞተሩም ባለመኪናውም የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ዓይን እያየ የማያየው

ከአደጋ በኋላ ከመኪና አሽከርካሪዎች አፍ ዘወትር የሚሰማው ቃል «አላየሁትም» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ማምለጫ ሳይሆን እውነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመውና በሃሪ ኸርት የተመራው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ከየቦታው ድረስ ሄዶ መርምሯል። ሞተር ሳይክል ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተጋጨባቸው አደጋዎች ከሦስቱ በሁለቱ ገደማ ቅድሚያ የነፈገው ባለመኪናው ሆኖ ተገኝቷል። እጅግ የተለመደው ሁኔታም መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሞተር መዝጋቱ ነው።

ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት የዓይናችን አሠራር ነው። ዓይን አጥርቶ የሚያየው ክንድ ተዘርግቶ የአውራ ጣት ጥፍር የሚሸፍነውን ያህል ጠባብ ስፍራ ብቻ ነው። ቀሪውን ትዕይንት የምናገኘው ዓይን ከነጥብ ወደ ነጥብ በፍጥነት እየዘለለ ነው። በዝላዩ ወቅት አንጎል እይታውን ለቅጽበት ያፍነዋል፤ እኛ ግን ክፍተቱ አይታወቀንም። ግራና ቀኙን በችኮላ የቃኘ ሹፌር ሞተሩ በዚያ ክፍተት ውስጥ ሊያመልጠው ይችላል። የመኪናው የፊት መስታወት ያረፈበት ምሰሶም ቀጭኑን ሞተር ሙሉ በሙሉ ሊጋርደው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የመጠን ጉዳይ ነው። ክንድዎን ዘርግተው ትንሿን ጣትዎን ይመልከቱ። 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሞተር ሳይክል በ50 ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ከዚያች ጣት ስፋት አይበልጥም። ወደ እኛ በቀጥታ የሚመጣ ነገር ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይንቀሳቀስም፤ መቅረቡን የምናውቀው እየተለቀ በመሄዱ ብቻ ነው። የትንሽ ነገር መተለቅ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቅጽበት ድረስ ለዓይን አይጎላም። በዚህ የተነሣ አንጎላችን ትንሹን ነገር ከትልቁ ይልቅ ዘግይቶ የሚደርስ አድርጎ ይገምተዋል። ሌሊት ላይ ችግሩ ይብሳል፤ የመኪና ሁለት መብራቶች በመካከላቸው ባለው ስፋት ርቀትን ይጠቁማሉ፣ የሞተር አንድ መብራት ግን ይህን መረጃ አይሰጥም።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይከንፋል። አሽከርካሪው አደጋውን ተገንዝቦ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር ተጉዟል። በደረቅ አስፋልት ላይ በጥሩ ፍሬን ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያስፈልገዋል። ድምሩ 45 ሜትር ነው። ባለመኪናው 30 ሜትር ሲቀረው ከፊቱ ከገባበት ችሎታም ልምድም አያድነውም። የሚያድነው ቀድሞ መታየት ብቻ ነው።

ልብስ እንደ መብራት

በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት አደጋ የደረሰባቸውን አሽከርካሪዎች በዚያው አካባቢ በሰላም ከሚጓዙት ጋር አነጻጽሯል። አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱት በአደጋ የመጎዳት ዕድላቸው በ37 ከመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ነጭ የራስ ቁር ያደረጉት ጥቁር ካደረጉት በ24 ከመቶ፣ በቀን የፊት መብራታቸውን የሚያበሩት ደግሞ ከማያበሩት በ27 ከመቶ ያነሰ ዕድል ነበራቸው። ደማቅ የሚለብስ ሰው በጠባዩም ጠንቃቃ ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱ ሁሉ የቀለም ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ይህን ያህል ጥቅም በነጭ ቀለምና በአንዲት ሰደርያ ዋጋ የሚያስገኝ የደኅንነት መሣሪያ ብዙ የለም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያምታቷቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ብርቱካንማ ወይም ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ዓይን የሚስበው ደማቅ ጨርቅ ነው። ይህ ጨርቅ በፀሐይ ውስጥ ያለውን የማይታይ ጨረር ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን ስለሚለውጠው ከአካባቢው ይልቅ የሚያበራ ይመስላል። ፀሐይ ከሌለች ግን ኀይሉ ያበቃል፤ ሌሊት ላይ እንደማንኛውም ጨርቅ ነው። ሁለተኛው ብርማው አንጸባራቂ ጥብጣብ ነው። በውስጡ የተቀበሩት ጥቃቅን የመስታወት እንክብሎች የመኪናውን ብርሃን ወደየአቅጣጫው ሳይበትኑ ወደመጣበት ይመልሱታል። በጨለማ የድመት ዓይን መብራት ሲያርፍበት የሚያበራውን ያስታውሷል። ጥብጣቡ በቀን ያን ያህል አይረዳም። እንግዲህ ከንጋት እስከ ሌሊት የሚሠራ ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል። ጀርባው ላይ የዕቃ ሣጥን የሚጭን ሞተረኛ ደግሞ ሣጥኑ ሰደርያውን እንደሚሸፍንበት አስቦ ጥብጣቡን በሣጥኑም ላይ ቢለጥፍ ይበጃል።

ሦስት ሴንቲ ሜትር ፎም

የራስ ቁርን ጠንካራ ቅርፊቱን አይተን እንደ ጋሻ እንቆጥረዋለን። ዋናው ሥራ ያለው ግን በውስጡ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጭ ፎም፣ ቴሌቪዥን ስንገዛ ከካርቶኑ ውስጥ ዕቃውን አቅፎ የምናገኘው የፖሊስታይሪን ዘመድ ነው። ተግባሩ መሰባበርና መጨፍለቅ ነው፤ እርሱ ሲጨፈለቅ ራስ ቅል ቀስ ብሎ እንዲቆም ጊዜ ይሰጠዋል።

ለማስረዳት ያህል የተቃለለ ስሌት እንሥራ። ራስ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ከጠንካራ ነገር ጋር ይጋጫል እንበል። ይህ በአውሮፓ የራስ ቁሮች ሲፈተኑ ከቆየበት ፍጥነት ጋር እኩል ነው፤ ሦስት ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ እንደመውደቅም ነው። ባዶ ራስ በሦስት ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግጭቱ የሚፈጀው ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺኛ አይሞላም፤ በራስ ላይ የሚያርፈው ጫና ደግሞ ከመሬት ስበት 950 እጥፍ ገደማ ነው። ያው ራስ በሦስት ሴንቲ ሜትር ፎም ውስጥ ቢቆም ጊዜው ወደ ስምንት ሺኛ ሰከንድ ያድጋል፣ ጫናውም ወደ 95 እጥፍ ይወርዳል። ርቀቱ በ10 ሲበዛ ጫናው በ10 ይካፈላል። የብዙ ጥናቶችን ውጤት የመረመረ አንድ የታወቀ ግምገማም የራስ ቁር የሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን ዕድል በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል።

ከዚህ ሁለት ትምህርቶች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የተጨፈለቀ ፎም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። አንድ ጊዜ ግጭት ያስተናገደ ቁር ከውጭ ደኅና ቢመስልም ሥራውን ጨርሷል። ታሪኩ የማይታወቅ አሮጌ ቁር መግዛት የማይመከረውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ግጭት ራስን መምታት ብቻ ሳይሆን ማጠማዘዝም ነው፤ ለስላሳው አንጎል በቅሉ ውስጥ ሲሽከረከር ሥሮቹና ነርቮቹ ይጎዳሉ። አዲሱ የአውሮፓ መለኪያ፣ 22.06 የተባለው፣ ይህን ጠማማ ግጭት በፈተናው ውስጥ አካትቷል።

ከአንገት በታች

ሰው ሲወድቅ በደመ ነፍስ እጁን ይዘረጋል። አስፋልት በመጀመሪያ የሚያገኘው መዳፍን ነው። በአውስትራሊያ ከ200 በላይ አደጋ የደረሰባቸውን ሞተረኞች የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ለሞተር የተሠራ ጃኬት፣ ሱሪ ወይም ጓንት የለበሱት ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው አነስተኛ እንደነበር አሳይቷል። ትልቁ ልዩነት የታየው በጓንት ነው። ሆኖም በአደጋው ጊዜ ከጃኬቶቹና ከሱሪዎቹ ከሩብ በላይ የሚሆኑት መቀደዳቸውም ተመዝግቧል። የሞተር ልብስ መምሰል ብቻውን አያድንም፤ የስፌቱ ጥንካሬና በክርን፣ በትከሻና በጉልበት ላይ ያለው መከላከያ ሊፈተሽ ይገባል።

በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ወፍራም ቆዳ ልበሱ ማለት ቀልድ ይመስላል። ለዚህ የተሠሩ፣ ነፋስ የሚያሳልፉ መረብ መሰል ጃኬቶች አሉ። ከቆዳ ያነሰ ጥንካሬ ቢኖራቸውም በቲሸርት ከመውጣት እጅግ ይሻላሉ።

ለወንድም የሚላክ ቁር

ለራስዎ ሲገዙም ሆነ አገር ቤት ላለ ወንድምዎ ሲልኩ የሚከተሉትን ይመልከቱ።

ከአገጭ ማሰሪያው ላይ የተሰፋውን ምልክት ያንብቡ። በአውሮፓው መለኪያ የጸደቀ ቁር በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና የአጽዳቂው አገር ቁጥር አለበት፤ ከዚያ የሚከተለው ረጅም ቁጥር በ06 ከጀመረ በአዲሱ፣ በ05 ከጀመረ በቀድሞው መለኪያ የተፈተነ ነው። የአገጩ ክፍል ተፈትኖ መከላከያ መሆኑ ከተረጋገጠ «ፒ» የሚል ፊደል ይጨመራል። ፊት ለፊት የሚወድቅ ሰው አገጩ ብዙ ጊዜ ስለሚመታ ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ዐይነት ይመረጣል።

የተቀባዩን የራስ ዙሪያ ከቅንድብ በላይ በሜትር ያስለኩ። ቁሩ ጉንጭን ጫን ሊል እንጂ ሊወዛወዝ አይገባም። ማሰሪያው ታስሮ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፋ ከወለቀ አይሆንም። ያልታሰረ ቁር ደግሞ ከመሬት ጋር ከመገናኘቱ በፊት ከራስ ላይ ይበራል።

ነገር ግን ኀላፊነቱ በሁለት እግር የሚሄደው ላይ ብቻ አይደለም። ሞተረኛውን በደቂቃ ቆጥሮ የሚያሯሩጠው አሠሪም፣ ምግቡ ለምን ዘገየ ብለን የምንደውል ደንበኞችም በዚያ መንገድ ላይ ድርሻ አለን። መሪ የሚይዝ አንባቢ ደግሞ ከመታጠፉ በፊት አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ፣ ራሱን ከምሰሶው ጀርባ ለማየት አዘንብሎ፣ ሞተርን ብሎ ይፈልግ። ያች ሁለተኛ እይታ አንድ ሰከንድ ትፈጃለች። ለሞተረኛው 17 ሜትር ናት።