ለአሉሚኒየም ጀልባ ወለል የትኛው ኮምፔንሳቶ?

ጅቡቲ፣ አርሂባ ሰፈር ያላችሁ ወገኖች፣ አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ገዝታችሁ ወለሉን ልትቀይሩ ከሆነ፣ ፀረ ምስጥ መድኃኒት የጠጣውን አረንጓዴ እንጨት አትንኩ። ሻጩ «አይበሰብስም» ይላችኋል፤ አልዋሸም። ግን መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ መዳብ አለበት። መዳብና የጨው ውሃ ሲገናኙ አሉሚኒየሙን ይበሉታል፤ ወለሉ ደህና ሆኖ የጀልባው ሆድ ይበሳል።

ለባሕር የሚሠራው ኮምፔንሳቶ፣ እዚህ ኮንትርፕላኬ የምንለው፣ «ቢኤስ 1088» የሚል ማኅተም አለው። ማኅተም ግን ማንም ይመታል። እኔ ቁራጭ ለምኜ ለሰዓታት እቀቅለዋለሁ (ባለቤቴ ድስቷን ስለማትሰጠኝ የራሴ አለኝ)። ንብርብሩ ከተላቀቀ አልገዛም። ጠርዙ ላይ ክፍተት ካየሁም እንደዚያው።

ኮላው ውሃ ቢችልም እንጨቱ፣ በተለይ ቀላሉ ኦኩሜ፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሁለቱንም ገጽ፣ ጠርዙንና የብሎን ቀዳዳውን ሁሉ ኢፖክሲ አጠጡት፤ ፀሐይ ስለሚጎዳው ላዩን ቀለም ቀቡት።

ተሸካሚዎቹ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ካሉ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃኛል፤ ከሰፉ 18 እመርጣለሁ። ብሎኑ ስቴንለስ ይሁን፣ ማስቲሽ ተቀብቶ ይግባ።

በሐምሌ ሙቀት ኢፖክሲው ጣሳው ውስጥ እንዳለ ይደርቅባችኋል። ጥቂት ጥቂት በጥብጡ፣ ማታ ሥሩ።