የግንባር ሳይነስና በአፍንጫ በኩል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና

በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ ግንባሩን በሻሽ አስሮ ቅዳሴ የሚቆም ምእመን ብርቅ አይደለም። ሕመሙ «ምች» ወይም «ብርድ» ተብሎ ይታለፋል። ከቅንድብ በላይ የሚጫን ሕመም፣ የአፍንጫ መታፈንና ወፍራም ፈሳሽ 12 ሳምንት ካለፋቸው ግን ምርመራ ይገባቸዋል እንላለን።

የግንባር ሳይነስ በአጥንት ውስጥ ያለ፣ አየር የሚይዝ ክፍት ቦታ ነው፤ ፈሳሹም በጠባብ መተላለፊያ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። መተላለፊያው ሲዘጋ ፈሳሹ ይታቈራል፤ ሊመግልም ይችላል። ሕክምናው የሚጀምረው ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ እጥበትና በአፍንጫ በሚነፋ መድኃኒት ነው። ይህ ካልበቃ፣ በሲቲ ስካን ከታየ በኋላ፣ ሐኪሙ ኢንዶስኮፕ የተባለውን ቀጭን መመልከቻ በአፍንጫ አስገብቶ መተላለፊያውን ያሰፋል። ብዙውን ጊዜ ግንባርን መቅደድ አያስፈልግም። ቦታው ለዓይንና ለአንጎል ቅርብ በመሆኑ ግን ሥራው የሠለጠነ የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ይፈልጋል፤ ይህም ከመካነ ሰላም ርቆ መጓዝ ማለት ሊሆን ይችላል። የሰበካ ጉባኤ እገዛ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ጉዞ ስንቅና ማረፊያ ነው።

ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ካህናት አባቶች ቢነግሩት ይሰማል። ግንባሩ ወይም የዓይኑ ዙሪያ ካበጠ፣ ዕይታው ከደበዘዘ፣ ወይም ከትኩሳት ጋር አንገቱ ከተገተረ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይድረስ።